የአካኮ ገበጣ ጠማማ ቤት

ዋንዛ ሲፋቅና ሲቃጠል ሽታው አንድ አይደለም። ሲፋቅ ለስለስ ያለ፣ ወደ እርጥብ ቅጠል የሚያደላ ሽታ አለው። የዶለዶመ ማሽን ሲያሸው ግን ያራል፤ ያኔ የሚወጣው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣ ያስነጥሳል፣ ደግሞ ደስ ይላል። ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ጭሮ ገብቼ ከመናኸሪያው ወደ ቤት ሳቀና ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ይኸው ሁለተኛው ሽታ ወጣና መንገድ ላይ አቆመኝ። እኔ መቆም የማልወድ ሰው ነኝ። ሰልፍ ላይ እግሬን እያፈራረቅኩ የሰው ጫማ የምረግጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከቱ ሳያልቅ ሦስት ጊዜ የምወጣ ነኝ። ያን ቀን ግን ባጃጁ ጥሩንባውን እየነፋብኝ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት መጣብኝ፤ ኪሴ ውስጥ የነበረችው ብረትም ጭምር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከእናቴ አባት ጋር ነበር። አካኮ ነበር የምለው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ከወለጋ በጎረምሳነቱ ለመንገድ ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ አናጺ ነበር። የጸሎት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ የእጁ ሥራ ናቸው። እኛ ትምህርት ቤት ከተማዋን ጭሮ ስንላት እሱ እስከ መጨረሻው አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት። እናቴ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አባቴ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሂርና፣ ድሬዳዋ እያለ ሲመላለስ ቤት የሚያድረው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ነው።

ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ስለነበር የሚረጋ ነገር አልነበረውም። የጫት መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይማታሉ። እኔም እንደ ቤቱ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ቅብጥብጥነቷን ከማን ወረሰችው?» እያለች አባቴን ታይ ነበር። አካኮ ግን አይቆጣም። አንድ ቃል ብቻ ይለኛል፦ «ታኢ!» ቁጭ በይ ማለት ነው። እቀመጣለሁ፤ እሱ ዞር ሲል እነሳለሁ።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ አባቴ ከድሬዳዋ አንድ አሮጌ ማሽን ይዞ መጣ። ራውተር ይሉታል፤ በሁለት እጀታ ተይዞ ጣውላ የሚቦረቡር፣ ሆዱ ክብ የሆነ ነገር ነው። ሲነሳ ጩኸቱ የጎረቤት ውሻ ያስጮኻል። አካኮ ስም አወጣለት፦ ካኒሳ፣ ንብ ማለቱ ነው። ከካኒሳው ጋር አንዲት ብቻ ክብ አፍንጫ ያላት ፑንታ ነበረችው፤ የአውራ ጣቴን ያህል የምትረዝም መቦርቦሪያ ብረት። አካኮ ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ይጠቀልላታል። እኔን እንኳ እንደዚያ አድርገው አልጠቀለሉኝም።

የእጁን ነገር ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ወይም ከዚያ ወዲህ መሰለኝ። መጀመሪያ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀጥሎ ጸሎት ቤት ውስጥ መዝሙር መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ገጹ ሲርገበገብ አየሁ። አካኮ መጽሐፉን ዘጋና በቃሉ ዘመረ። ከዚያ በኋላ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት አበዛ። በር የሚያሠራ ሰው ቀነሰ፤ ደንበኞቹ ወደ አንድ ወጣት አናጺ መሄድ ጀመሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ስታባብለው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

«አባባ፣ እባክዎ ይተዉት። ማረፍ ነውር ነው እንዴ?»

«እጄ ካረፈ እኔ ምን ቀረኝ?» አላት።

እኔም የገባኝን ያዝኩ። የአካኮ እጅ ማረፍ አለበት፤ የማያሳርፈው ደግሞ ካኒሳው ነው።

በዚሁ መሃል ሐጂ ነስሩ መጡ። ከስልጤ አገር መጥተው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ ከደብተር እስከ ፋኖስ፣ ከፋኖስ እስከ ብይ የማይሸጡት የለም። ብዩ በከረጢት ተቀምጦባቸው ሐሳብ መጥቶላቸዋል፦ አርባ ስምንት ብይ ከአንድ የእንጨት ገበጣ ጋር አብሮ ቢሸጥ የሂርናና የመሰላ ባለሱቆችም ይወስዱታል።

«ግን ጋሽ ቶለሳ፣ አይቀየሙኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ አካኮ ኪስ ሳይልኩ። «አንዷን ገበጣ ሱቄ ከመውሰዴ በፊት እዚህ ስትሠራ ልያት። አሥራ ሁለት ነው የማዘው። ቤቶቹ እኩል ካልሆኑ ሰው ያሾፍብኛል።»

«ይምጡና ይዩ» አለ አካኮ።

ሐጂ ሲወጡ እናቴን አየና «ይቺ ካልሆነች መሮዬን እሰቅላለሁ» አለ። መስቀሉ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የጎረቤታችን ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ከሰቀለው ወዲህ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ መኪና ይቆጥር ነበር።

ሥራው የተጀመረው በፎርማው ነው። ፎርማው ክንድ የሚያህል ኮምፔርሳቶ ነው፤ ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ረድፍ የተሰለፉ አሥራ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ይወጡለታል፤ ከዚያ ዋንዛው ላይ ይታሰራል። ከካኒሳው ሆድ ሥር አንዲት የነሐስ ቀለበት አለች። ቀለበቷ የቀዳዳውን ጠርዝ እየታከከች ስትዞር በመሃሏ የወጣችው ፑንታ ከሥር ያለውን ዋንዛ ትቦረቡራለች። ማሽኑን የያዘ ሰው ቢፈልግም ከጠርዙ ማለፍ አይችልም።

አካኮ ክቦቹን በሻይ ብርጭቆ አፍ ሣላቸው። አራት ብይ ለካባቸው፤ ልክ ሆነ። በቀጭን መጋዝ ቆርጦ በሞረድ እየፋቀ ሲያስተካክል ሦስት ሳምንት ፈጀ። እኔ በየቀኑ «አለቀ?» እላለሁ፤ እሱ በየቀኑ «ፎርማ አንዴ ነው በትዕግሥት የሚሠራው፤ ከዚያ በኋላ እጅሽ ቢደክምም እሱ አይደክምም» ይለኛል። በመጨረሻ በቁራጭ ዋንዛ ላይ ሲሞክረው ቤቱ ጠባብ ሆኖ ወጣ። ቀለበቷ ፑንታዋን ከጠርዙ የምታርቅበትን ልክ ሳይቆጥር ቀርቷል። አራት ብይ ብንጨምርበት አራተኛው ዘሎ ወርዶ ሰጋቱራ ውስጥ ገባ። እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ የእሱን ፊት አይቼ ተውኩ።

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለና ተንበርክኮ ብዩን ፈለገ። ሁለተኛውን ፎርማ ሰፋ ባለው የውኃ ብርጭቆ አፍ ሣለው። ሌላ ሦስት ሳምንት። አቤት፣ እነዚያ ሳምንታት! የሚያልቁ አይመስለኝም ነበር።

ፎርማው ሲያልቅ ለእኔም ሥራ ተገኘልኝ። የአካኮ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ካኒሳው ሲነሳ ይዘላል፤ ድንጋይ ቢደግፉትም ይንሸራተታል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ሰው መቀመጥ ነበረበት። ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን!

«ዋናዋ ማጥበቂያ አንቺ ነሽ» አለኝ። «ታኢ!»

መብራት በፈረቃ ነበር የሚመጣው። ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ ይሮጣል፦ እናቴ ካውያዋን ትሰካለች፣ ታች ገበያው ጋ ወፍጮው ይነሳል፣ አካኮ በቁራጭ እንጨት ሊለማመድ ካኒሳውን ይቀሰቅሳል፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ የምትዞረውን ፑንታ ብቻ አያለሁ። ንዝረቱ ከእንጨቱ ወደ ጭኔ፣ ከጭኔ ወደ ጥርሴ ይደርሳል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም መዳፌ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል። ያን ነገር ለቤት ሰው አልተናገርኩም፤ ፈርቼ ነበር።

የተናገርኩት ለፈቲያ ብቻ ነው። ፈቲያ አንድ ወንበር ላይ አብራኝ የምትቀመጥ፣ የባለወፍጮው ልጅ ናት። ስለ ማሽን የማታውቀው የለም።

«አባቴ ወፍጮውን ካጠፋው በኋላም እጁ ይፈጫል» አለችኝ። «ሻይ ሲጠጣ ይደፋዋል።»

«ለምን?»

«ገብቶበት ነዋ! ማሽን እኮ እንደ ጉንፋን ይጋባል።»

ይህን የሰማሁ ቀን ክፍል ውስጥ እጄን ዘርግቼ ትንፋሼን ይዤ አየሁት። ተንቀጠቀጠ! አስተማሪው «ሌንሴ፣ ምን ትለምኛለሽ?» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። እኔ ግን ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ካኒሳው መጣ፤ የአካኮ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁን ወደ እኔ ተሻገረ። አካኮ አሥራ ሁለት ገበጣ ከሠራማ ጨርሶ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ሐጂ ነስሩ እንዴት ያለ ጨካኝ ሰው ናቸው አልኩ።

ሐጂ የቀጠሩት አርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር። አርብ ጠዋት አካኮ ዋንዛውን ልጎ፣ ፎርማውን አስሮ፣ ፑንታዋን ከነጨርቋ መስኮቱ ላይ አኖረና ሊታጠብ ወጣ። አነሣኋት። ጨርቁን እንደነበረ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ ፑንታዋን ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ቁርሴን ሳልበላ ሮጥኩ።

ያ ቀን አላልቅ አለ። ፑንታዋ ጭኔን ትወጋኛለች፤ ወደ ግራ ኪሴ አዛውራታለሁ፤ እዚያም ትወጋኛለች። ንዝረቷ እንዳይገባብኝ በወረቀት ጠቀለልኳት። ትምህርት ቤት ሲለቀን ወደ ቤት አልሄድኩም። መናኸሪያው ጋ ቆሜ «ሂርና! ሂርና! አንድ ሰው!» የሚሉትን ረዳቶች ሳይ ቆየሁ። አንዱ ሚኒባስ ላይ ብወረውራት ሂርና ትደርስ ነበር። ወንዙ ድልድይ ላይ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩ። ዘይት ቀብቶ ሲጠቀልላት ታየኝ።

ድልድዩ ላይ እንዳለሁ ከታች የፈቲያ አባት ወፍጮ ሲነሳ ሰማሁ። መብራት መጥቷል! ጆሮዬን ወደ ቤታችን ጣልኩ። ካኒሳው ዝም። ደስታ ሊገድለኝ ደረሰ፤ አካኮ ተረፈ ብዬ እየዘለልኩ ሄድኩ። ቤት ስቃረብ ግን ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቷ፣ ቷ፣ ዝም። ቷ፣ ዝም።

ሐጂ ነስሩ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ገበጣውን ሊያይ የመጣ አንድ የሂርና ነጋዴ ቆሟል። እናቴ በሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛለች። አካኮ ፎርማው በታሰረበት ዋንዛ ላይ ጎንበስ ብሎ አንደኛዋን ቤት በመሮና በመዶሻ ይቆፍራል። ኪስ የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ እጁን የሚደብቅለት ምንም ነገር የለም። መሮው ከጠርዙ ይወጣል፤ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይወጣል። አንድም ማሽን አልተነሳም፤ እጁ ግን እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። ላብ ከግንባሩ ዋንዛው ላይ ይንጠባጠባል።

«መቦርቦሪያዋ ጠፍታብኝ ነው» አለ። ይህን ሲናገር የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከድምፁ ታወቀኝ።

ሐጂ ሙስባሃቸውን ያያሉ። የሂርናው ነጋዴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ ግን ሁላችንም እየሰማን፣ «ሐጂ፣ እንሂድ በቃ፤ ሽማግሌውን አናስጨንቃቸው» አለ።

ያኔ መሮው አመለጠ። ከቤቷ ጠርዝ የጥፍር ያህል እንጨት ተሸርፎ እግሬ ሥር ወደቀ። አካኮ መሮውን አስቀመጠ። ሐጂ ሊነሱ ጉልበታቸውን ያዙ።

«እኔ ጋ ናት» አልኩ።

ወረቀቱን ፈታሁ። ፑንታዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እኔን አየ። እናቴ «አንቺ!» ብላ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ስትል አካኮ እጁን አነሣ፤ ያንኑ እጁን።

«ተያት። ወልውያት ብዬ እኔው ነኝ የሰጠኋት። ረሳሁት፤ ዕድሜ ነው» አለ።

አካኮ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። ለአበዳሪ እንኳ «የለም በሉልኝ» የማይል ሰው ነው። በእጁ ሊያፍር የቆመው ሰው እኔን ሊያድን በጭንቅላቱም አፈረ። ይህን ያኔ በቃል አልገለጽኩትም፤ ግን ገብቶኛል፤ ፊቴ ሲግል ተሰምቶኛል።

ፑንታዋን ገጠመ። ወደ እኔ ሳያይ «ታኢ» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። ካኒሳው ጮኸ። የቀለበቷ ብረት ጠርዙን ነካና መዞር ጀመረ፤ ማሽኑን የያዘው እጅ ጸጥ አለ። አየሁት። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኜ አየሁት። የማሽኑ ክብደት እጁን ተጭኖ ያዘለት፣ ጠርዙ መራው፤ ሁለተኛዋ ቤት እንደ ጽዋ እኩል ሆና ወጣች። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛዋ። ዋንዛው ሲያርር የወጣው ሽታ ቤቱን ሞላው። እግሬ ደነዘዘ፤ አልተነቃነቅኩም።

ሐጂ ነስሩ ከኪሳቸው ብይ አውጥተው በአሥራ አንዱ ቤቶች አራት አራት ጣሉ። አንድም አልዘለለም። «ማሻአላህ» አሉ። አንደኛዋ ቤት ላይ ሲደርሱ አራተኛው ብይ በተሸረፈው ጠርዝ በኩል ወጥቶ ተንከባለለ። መልሰው አላነሡትም።

«ጋሽ ቶለሳ፣ አሥራ ሁለቱን ይሥሩልኝ» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እጅዎን አይቻለሁ። የኔም ዓይን እንደዚያው ነው፤ ደብዳቤ የምታነብልኝ ልጄ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እርስዎ ግን አግኝተውለታል።»

«ይህቺ አትቆጠርም» አለ አካኮ ገበጣውን እየነካ። «ይህቺ ለቤት ናት።»

ቅዳሜ ጠዋት መብራት አልነበረም። ዱላ ጠብቄ ሌሊቱን ስገላበጥ ነበር ያደርኩት። አካኮ ጠርቶኝ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ትናንት ስላንቺ ዋሸሁ» አለኝ። «አሁን አንቺ እውነቱን ንገሪኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ወፍጮውን፣ ጉንፋኑን፣ ድልድዩን። አልሳቀም። ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከባድ ነበር፤ ጣቶቹ መሃል የደረቀ ኮላ አለ። መዳፌ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ካኒሳው የት አለ?»

«መደርደሪያው ላይ።»

«መብራት አለ?»

«የለም።»

«እጄስ?»

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ካኒሳው ሳይመጣ በፊት ነው የጀመረኝ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «አባትሽን ድሬዳዋ ድረስ የላክሁት ለዚህ ነው።»

«ትድናለህ?»

«እንጃ።» ዓይኔን በእጅጌው ጠረገልኝ። «አንቺ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ በይልኝ።»

ተቀመጥኩለት። አሥራ ሁለት ገበጣ እስኪያልቅ፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ጨዋታ ትቼ፣ ፈቲያን ትቼ፣ ቁጭ አልኩለት። አፍንጫዬን ሲበላኝ እንኳ አላከውም ነበር። ገበጣዎቹ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስረው ግማሾቹ ወደ ሂርና፣ ግማሾቹ ወደ መሰላ ሄዱ። የቤቷ ገበጣ እኛ ጋ ቀረች። አካኮ ሕግ አወጣላት፦ ለጠማማዋ ቤት ሦስት ብይ ይበቃታል። የተረፈውን አርባ ስምንተኛ ብይ ለእኔ ሰጠኝና «ይሄ ለኪስሽ፤ ይሄ አይወጋም» አለ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ስገባ ሻንጣዬን ሳላወርድ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለችውን ገበጣ አወረድኩ። አቧራዋን ነፋሁ። አሥራ አንዱ ቤቶች እኩል ናቸው፤ ሂርናና መሰላ ካሉት አይለዩም። በጣቴ ብሄድባቸው የማገኘው የለም፤ ካኒሳው ነው የቆፈራቸው። አንደኛዋ ውስጥ አውራ ጣቴን ሳስገባ ግን የመሮው ምት አንድ በአንድ አለ፤ የገባበት፣ የሳተበት፣ የተመለሰበት። ያኔ የአካኮን ክብር የነጠቅኩባት መስሎኝ ስንት ዓመት ያፈርኩባት ቤት ናት። ከእሱ እጅ የቀረኝም እሷ ብቻ ናት።

እናቴ ከጓዳ ሆና ኮቴዬን አጣችው። «ምነው ዝም አልሽ? ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ።

«ተቀምጫለሁ» አልኳት።